ጭንቀት እንዳያድር

ወደ ክሊኒክ የወሰደኝ የጥርስ ሕመም ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ስነሳ መንጋጋዬ ደንዝዞ ይጠብቀኛል። ቆሎ ማኘክ አቃተኝ። ሐኪሟ አፌን አስከፍታ መብራት አበራች። በቀጭን ብረት እዚህም እዚያም ነካካች። ከዚያ ጓንቷን አወለቀችና «ጥርስህ ምንም አልሆነም። ምን ያስጨንቅሃል?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ግን እሷ አልሳቀችም። «ሌሊቱን ሙሉ እኮ ጥርስህን እያፋጨህ ነው የምታድረው» አለች።

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ጊዜው ሐምሌ ነበር፤ የግብር ሰሞን። የሱቅ ኪራይ ጨምሯል። ማሽኑ ወረቀት እየያዘ ያስቸግራል። መብራት ድንገት ይሄዳል፤ ዶክመንቱን ይዞ የተሰለፈው ሰው ደግሞ እኔን ያየኛል፣ መብራቱን ያጠፋሁት ይመስል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ቢመጣ ሰው አይጥልም። የሰኞው ማክሰኞ ላይ አድሮ፣ የማክሰኞው ረቡዕ ላይ ሲደረብ ነው ጉዱ።

ስለዚህ የምጽፈው ጭንቀትን ስለማጥፋት አይደለም። ኪራዩን እኔ አላስቀንሰውም። የምጽፈው የዕለቱን በዕለቱ ስለማራገፍ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ጫኝና አውራጆች አሉ። ቀኑን ሙሉ ኩንታል ሲሸከሙ ይውላሉ፤ ኩንታሉን ተሸክሞ የሚተኛ ግን እስካሁን አላየሁም። እኔ ነበርኩ ተሸክሜ የምተኛው።

ሐኪም አይደለሁም። ከሐኪም የሰማሁትን፣ ያነበብኩትንና ራሴ ላይ ሞክሬ የሠራልኝን ነው በቅደም ተከተል የማስቀምጠው።

1. የት እንደሚይዛችሁ ፈልጉ

እኛ ዘንድ «ስትረስ አለብኝ» የሚል ሰው ጥቂት ነው። «ጨጓራዬ ተነሳ» ይላል። «ራሴን ወጥሮ ይዞኛል» ይላል። «ትከሻዬን ተጫነኝ»፣ «ልቤ ድው ድው አለ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። ወይም ምንም አይልም፤ ልጁ ላይ ይጮሃል።

ሁሉም አንድ ቦታ የሚገናኙ ናቸው። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዋልተር ካነን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ አደጋ ሲመጣ ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሸሽ ራሱን እንዴት እንደሚያሰናዳ ጽፏል። አድሬናሊን ይለቀቃል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ሥራውን ያዘገያል። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ደግሞ ለጉልበት የሚሆን ስኳር ደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል። ጅብ ለመጣበት ሰው ድንቅ ዝግጅት ነው። ይሮጣል፣ ያልበዋል፣ ያመልጣል፣ ያበቃል። አከራዩ በቴሌግራም «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ» ብሎ ሲጽፍለት ግን ወዴት ይሮጣል? ሰውነቱ ለሩጫ ተነስቶ ወንበር ላይ ይቀራል። እኔ ሌሊት መንጋጋዬ ላይ ነበር የምሮጠው።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ትንሽ ደብተር ያዙ። ለ7 ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት ስትነሱ፣ ምሳ ሰዓት ላይና ማታ አንዳንድ መስመር ጻፉ። ሰውነቴ የት ላይ ተይዟል? ከዚያ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ምን ሆነ? ምን በላሁ፣ ምን ጠጣሁ? ከ10 ስንት ያህል ከባድ ነው? በቃ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ግን ስልኩን ለመጻፍ ከፍታችሁ ቲክቶክ ላይ ስትነቁ እንዳትታዘቡኝ።

የእኔን ደብተር ከሳምንት በኋላ ሳነበው ደነገጥኩ። ቀኑን የሚያበላሸው ማሽኑ ነው ብዬ እምል ነበር። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ይላል። በጣም የምከፋው በየቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ማሽኑ ቢበላሽም ባይበላሽም። ምሳ ሳልበላ ሦስተኛ ቡናዬን የጠጣሁበት ሰዓት ማለት ነው።

2. ጠዋት ስልኩን ሳትነኩ ውጡ

ይህን እርምጃ እንዝለለው ብትሉኝ ሌላውን ሁሉ አስዘልዬ ይህን ብቻ አስቀርላችኋለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሲካፈል በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ነው። ጂም አይጠይቅም። ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ልኩ እንዲህ ነው፦ እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ደህና ነው። ያ ለሩጫ ተነስቶ የቀረው ሰውነት ሩጫውን የሚያገኘው እዚህ ነው። የጠዋት ብርሃንም የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፤ ጠዋት ዓይናችሁ ብርሃን ካየ ማታ እንቅልፍ በጊዜው ይመጣል።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሰበብ የለንም። ከተማችን ሜዳ ናት። ጎዳናው ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው። እኔ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እወጣለሁ። በገብርኤል አድርጌ ቀጥ ብዬ ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው ቦታ እወርዳለሁ። በዚያ ሰዓት የሚሮጥ አለ፣ በቡድን ስፖርት የሚሠራ አለ፣ እንደ እኔ ሆዱን ይዞ የሚራመድ አለ። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ደግሞ እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው ቆመው ይታዘቡናል። እነሱን አይቶ ቀኑን አኩርፎ መጀመር ከባድ ነው።

ጥቂት ነገር ልብ በሉ። ሐይቁ ዳር ሂዱ እንጂ እግራችሁን አትንከሩ። ጉማሬ አለበት፤ ቢልሃርዚያም አለ። ማታ 12 ሰዓት ካለፈ ቢምቢው ይነሳል፤ ወባ ያለበት አገር ነውና ሙሉ ሱሪ ልበሱ። ታቦር ተራራ ለቅዳሜ ወይም ለእሑድ ይቆይ። አናቱ ላይ ወጥቶ ከተማውንና ሐይቁን ባንድ ላይ ማየት ራሱ መድኃኒት ነው፤ ግን ከሰው ጋር ውጡ፣ ጨለማ ሳለ አትጀምሩ፣ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ደግሞ ስትወርዱ ነው የሚጎዳችሁ።

ሳይክል ያለው ሰው የታደለ ነው። ባጃጅ የለመደ ደግሞ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ይውረድ። ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሱ ወላጆች፣ 30 ደቂቃውን ሦስት ቦታ ከፋፍሉት፤ 10፣ 10፣ 10 ቢሆንም ይቆጠራል። አንዲት ጎረቤታችን «እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው፣ ደግሞ ልራመድ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቆሞ መዋል ይደክማል። ግን መቆምና መራመድ አንድ አይደሉም። አሁን ገበያ ስትሄድ ባጃጁን ትታዋለች። ያተረፈችውን ብር መቁጠር ነው የምትወደው፤ ይሁን።

ስልኩስ? እስክትመለሱ አይከፈት። ጠዋት ዓይን ሳይገለጥ ቴሌግራም ማየት የሌላ ሰው ጭንቀት በባዶ ሆድ መዋጥ ነው።

3. ቡናውን አትተዉ፣ ሰዓቱን ቀይሩ

ቡና አቁሙ ብዬ በሲዳማ ምድር መጻፍ አልችልም። ቤተሰቤም አያስገባኝ። ሒሳቡን ብቻ ልንገራችሁ። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለነፍሰ ጡር በጣም ይረዝማል። እንግዲህ 10 ሰዓት ላይ ቡና ከጠጣችሁ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሩቡ አለ። «ቡና እኔን እንቅልፍ አይነሳኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም እል ነበር። እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ግን እንቅልፉ ስስ ነው። ጎረቤት ውሻ ሲጮህ እነቃለሁ።

የእኔ ሕግ፦ ከ8 ሰዓት በኋላ ጠንከር ያለ ቡና የለም። ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ቡና የሚፈላ ከሆነ አቦልና ቶናውን ለሌሎች ትቼ ቀጠን ያለውን በረካ በትንሽ ሲኒ እጠጣለሁ። ዋናው ነገር ጨዋታው ነው። ተቀምጦ፣ ዕጣኑን እያሸተቱ፣ ከጎረቤት ጋር ማውራት ራሱ ያራግፋል። ሲኒው ቢቀር ወጉ አይቅር።

ባዶ ሆድ ላይ ቡና ደግሞ ይብሱን ነው። ምሳ ዝለሉና ቡና ጠጡበት፤ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ልባችሁ ይፈጥናል፣ «ጨነቀኝ» ትላላችሁ። ግማሹ ጭንቀት ረሃብ ነው። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ሱቄን ዘግቼ እበላለሁ። ሽሮም ይሁን። «ሰው ይመለስብሃል» አሉኝ። አዎ፣ ሁለት ሰው ተመልሷል። ከሰዓት በኋላ ግን ደንበኛ ላይ አልጮህም፤ ድሮ ጮሄ ያባረርኩት ከሁለት ይበልጣል።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ዘልዬው ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ጫት። በእኛ ከተማ ብዙ ሰው ጭንቀቱን የሚያስታግሰው በርጫ ላይ ነው። ምርቃናው እስካለ ሁሉም ነገር ይቻላል፤ ፎቅ ይሠራል፣ ዕዳ ይከፈላል። ጫት ግን አነቃቂ ነው። ልብን ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ሌሊቱ አጋማሽ ላይ ደግሞ ያነቃል። በማግስቱ ሰውየው ካለፈው ቀን የባሰ ተጨንቆ ይነሳል፣ ያንንም በጫት ይፈታዋል። ባንዴ ማቆም ያቃተው ሰው ቀኖቹን ይቀንስ፣ አመሻሽ ላይ መቃሙን ይተው፣ ጨብሲውን ግን ዛሬውኑ ይቁረጥ። ዋናውን ጉዳት የሚያመጣው መደራረቡ ነው ባይ ነኝ።

4. ቀን ላይ ሁለት ደቂቃ

መብራት ሲሄድ ድሮ ጄኔሬተር ካለው ጎረቤት ደጃፍ ቆሜ እራገም ነበር። አሁን መብራት ሲሄድ እተነፍሳለሁ። አትሳቁ።

ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም እግር መሬት ይንካ። ትከሻችሁን ወደ ጆሯችሁ አንሱት፣ ትንሽ ያዙት፣ ልቀቁት። አሁን በአፍንጫ፣ በልባችሁ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አየር አስገቡ፤ ደረት ሳይሆን ሆድ ይነፋ። ከዚያ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ትኩስ ሻይ እንደምታበርዱ አድርጋችሁ ከንፈራችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ሳታቋርጡ ከ10 እስከ 15 ጊዜ። ቁልፉ የሚወጣው ከሚገባው መርዘሙ ነው። ቀስ ብሎ የሚወጣ ትንፋሽ የልብን ምት የሚያረጋጋውን ነርቭ ያነቃቃል። ራስ ካዞራችሁ በጣም እየተነፈሳችሁ ነው፤ ተዉትና እንደ ወትሮው ተንፍሱ።

መጀመሪያ ቀን ምንም አይሰማችሁም። እኔ በአራተኛው ቀን ገደማ ነው የተሰማኝ። እንደ ብስክሌት መልመድ ነው፤ ስትወድቁ መማር አይቻልም፣ ሳትወድቁ ተለማመዱት። ሲረጋጉ መለማመድ፣ ሲጨንቅ መጠቀም።

እንደ እኔ መንጋጋ ላይ ለሚይዘው ሰው ሐኪሟ የሰጠችኝ ምክር ይኸው፦ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ አይገጠም። ምላስ ላንቃ ላይ ይረፍ። አፍ ሲዘጋ ጥርስና ጥርስ መነካካት የለባቸውም፤ የሚነካኩት ስንበላና ስንውጥ ነው። ይህን እስክሰማ 40 ዓመት ሙሉ ጥርስ መግጠም ደንብ ይመስለኝ ነበር። ማሽኑ ላይ ትንሽ ቀይ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ቀዩን ባየሁ ቁጥር ጥርሴን አላቅቃለሁ። ደንበኞቼ የማሽኑ ማስጠንቀቂያ ይመስላቸዋል።

ማታ አልጋ ላይ ደግሞ ሌላ አለ። ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ያዳበረው ነው። ከእግር ጣት ጀምሮ አንዱን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ያህል ጥብቅ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ ልቅቅ ማድረግ። ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ ጡጫ፣ ትከሻ፣ ፊት። እኔ ሆድ ላይ ስደርስ ነው የሚወስደኝ፤ ፊቴ ጋ የደረስኩበትን ቀን አላስታውስም።

5. ለጭንቀት ቀጠሮ ስጡት

«አትጨነቅ» የሚባል ምክር ጠቅሞት የሚያውቅ ሰው አለ? እስካሁን አላገኘሁም። አታስብ የተባለ ነገር ይበልጥ ይታሰባል። «ቆይ፣ በሰዓትህ ና» ሲባል ግን ይሰማል። ቶማስ ቦርኮቬክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1983 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሞክረው ጽፈዋል፦ በየቀኑ አንድ ሰዓትና አንድ ቦታ ለጭንቀት መመደብ፣ ከዚያ ውጭ ሲመጣ ወደ ቀጠሮው ማስተላለፍ።

የእኔ ቀጠሮ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ 20 ደቂቃ ነው። ሱቁን ግማሽ ዘግቼ፣ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ። አልጋ ላይ በፍጹም፤ አልጋ የጭንቀት ቢሮ እንዳይሆን። ቀን ላይ አንድ ነገር ሲነዝረኝ በአንድ ቃል ደብተሩ ላይ እጽፈዋለሁ፣ «ኪራይ»፣ «ድራም»፣ «ወንድሜ»፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ። ቀጠሮው ሲደርስ ገጹን መሐል ለመሐል አሰምራለሁ። በቀኝ በእጄ ያለው፣ በግራ በእጄ የሌለው።

ከደብተሬ አንድ ቀን ልቅዳ። «የማሽኑ ድራም እየሞተ ነው» በቀኝ። ቀጥሎ የሚደረገው ትንሹ ነገር፦ ነገ 4 ሰዓት ላይ ለጠጋኙ ደውዬ ዋጋ መጠየቅ። መግዛት አይደለም፤ መጠየቅ ብቻ። «ኪራይ ጨመረ» ግማሹ ቀኝ፣ ግማሹ ግራ። ጭማሪው ግራ ነው። ቀኙ፦ ቅዳሜ ሄጄ ክፍያው በሦስት ወር ፋንታ በየወሩ እንዲሆን መለመን። «ወንድሜ በበረሃ በኩል ሊሄድ ነው ይላል» ይህኛው አስለቅሶኛል። ግራ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አላስረውም። ቀኙ ላይ ያለው እሑድ ጠርቼው አሳ አብልቼ፣ ሳልቆጣ መስማት ነው። ሄድን፣ በላን። እስካሁን አልሄደም። ያስቀረው የእኔ መስማት ነው አልልም።

ግራ በኩል ያለው ምን ይሆናል? ይነበባል። አንዳንዱ ላይ እጸልያለሁ። ደብተሩ ይዘጋል። ሌሊት ሲመጣ «ተጽፈሃል፣ ነገ 11 ሰዓት ተኩል» እለዋለሁ። የሚያስቀው ብዙ ጊዜ ቀጠሮው ሲደርስ ከጻፍኳቸው ግማሹ ቀልለው መገኘታቸው ነው።

ገንዘብ ለብቻው አንድ ቃል ይገባዋል፤ ከጭንቀታችን ትልቁ እሱ ስለሆነ። በቃል የተያዘ ዕዳ ሌሊት ያድጋል። ጻፉት፤ ለማን፣ ስንት፣ መቼ። ዕቁብ ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያውን ዕቁብ ለመክፈል ሁለተኛ ዕቁብ የሚገባ ሰው ግን አውቃለሁ። በስልክ የሚገኘው ፈጣን ብድርም እንዲሁ። ሌላ ብድር ለመክፈል ከሆነ የምትወስዱት፣ መጀመሪያ ላበዳሪው «ሁለት ሳምንት ጨምርልኝ» በሉት። ማፈር አለ። ከማፈሩ በኋላ ግን እንቅልፍ አለ።

6. «ሆድ ይፍጀው» አትበሉ

ያደግነው በዚህ ቃል ነው። ጨዋ ሰው ችሎ ያልፋል። ሆድ ግን የሚፈጀው እስከ ልኩ ነው፤ ከዚያ ጨጓራ ይሆናል።

በሲዳማ ባህል «አፊኒ» የሚባል ነገር አለ። «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ችግር ሲፈጠር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገሩን ለሰው ያሰማሉ፣ ይወያያሉ፣ ይፈታሉ። እኔ ሲዳማ አይደለሁም፤ እዚሁ ያደግኩ ነኝ እንጂ። ግን ቃሉን እወደዋለሁ። መጀመሪያ መስማት ነው የተጠየቀው።

አነጋገሩ ላይ አንድ ዘዴ አለ። ሰው ሲነግሩት ወዲያው መምከር ይጀምራል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ «ምክር አልፈልግም፣ አሥር ደቂቃ ስማኝ ብቻ።» ጓደኛዬ መጀመሪያ ግራ ገባው። «እሺ ታዲያ ምን ልበል?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ሻይ አዘዘ፣ ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ «በቃ እኔም እኮ…» ብሎ የራሱን ጀመረ። የእሱ ከእኔ ይብሳል።

የንስሐ አባት ያለው ለእሳቸው፣ መስጊድ የሚሄድ ለሼኩ ይንገር። ጸሎትም ጠበልም የሚያጽናናው ሰው አያቋርጥ። ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት ካለ ግን ጎን ለጎን ይውሰድ፤ በራሱ አያቁም።

7. ሌሊት

አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። ከመተኛታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፤ ለማንቂያ የምትፈልጉት ከሆነ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። አጎበር ዘርጉ፤ ቢምቢ በጆሮ ሥር እያዜመ ማንም አይረጋጋም። አልጋ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ተገላብጣችሁ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሱ። ደብዘዝ ባለ ብርሃን አሰልቺ ነገር አድርጉ፤ ልብስ ማጠፍ፣ ምስር መልቀም። ሲያዛጋችሁ ተመለሱ። ሰዓት አትዩ።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማችን ውስጥ የፈረቃ ሥራን አብዝቷል። የተከራዩበት ግቢ ውስጥ ቀን ላይ የሚተኙ ልጆች አሉ። ለእነሱ፦ መስኮቱ ላይ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ፣ ለግቢው ሰው «እስከዚህ ሰዓት እተኛለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር፣ ቡናውን በፈረቃው መጀመሪያ ላይ ጠጥቶ መጨረሻው ላይ መተው። የግቢው ሰው ደግሞ ይሰማል፤ ሬዲዮውን ትንሽ ይቀንስ።

8. ይህ ሁሉ ካልበቃ

ልክ አለው። ደረትን የሚጫን ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያልብ ከሆነ «ጭንቀት ነው» ብላችሁ ትንፋሽ አትቁጠሩ። ቶሎ ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

የደም ግፊታችሁን ደግሞ ተለኩ። ጤና ጣቢያ ይለካል፣ ብዙ ፋርማሲም ይለካል። ከመለካታችሁ በፊት 30 ደቂቃ ቡና አትጠጡ። ሽንት ቤት ግቡ። 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ጀርባ ይደገፍ፣ እግር አይነባበር፣ ክንድ በልብ ልክ ይረፍ። ከባጃጅ ወርዶ እያለከለኩ መለካት ከንቱ ነው። በተለያየ ቀን ተለክታችሁ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ሐኪም ይያችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ሚጥሚጣና በርበሬ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ለምንም ነገር ደስታ ማጣት ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሥራ መሥራት ወይም ልጅ መንከባከብ ካቃተ፣ ይህ የጠዋት እርምጃ የሚፈታው አይደለም። ሕክምና አለው። ከጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ እኛ ሪፈራል የምንለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «እብድ ይሉኛል» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ወረፋው ላይ አስተማሪ ታገኛላችሁ፣ ነጋዴ ታገኛላችሁ፣ እናት ታገኛላችሁ።

ሰው «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ቀልድ አታድርጉት። ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብቻውን አትተዉት፤ ፀረ ተባዩን፣ ገመዱን፣ መድኃኒቱን ከቤት አውጡ፤ ያንኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ።

ስትሄዱ ያን የ7 ቀን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሁሉም ይጠፋል፤ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ራሴን ነው» ብሎ የሚመለስ ብዙ ነው። ካርድ አውጥታችሁ ስትገቡ እንዲህ በሉ፦ «ከሦስት ሳምንት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። መቼ መቼ እንደሚብስብኝ ጽፌዋለሁ፤ ይኸው።» ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት።